አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፦ ደሴቶች በመሬት መንቀጥቀጥና በሱናሚ ጊዜ

ባለፈው ወሰነ ትምህርት ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ትምህርት ቤት፣ ከመካከላችን አንዱ ለስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ያስተምር ነበር። እኛም እንደተለመደው ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ማስታወሻ እንይዛለን። የትምህርቱ ዝግጅት የተሟላ፣ ሥዕሉ በቀለም ጠመኔ ያማረ፣ የጊዜው አከፋፈልም ያልተዛነፈ ነበር። ደወል ሊደወል ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ግን አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ እኛ ብንሆን ወደ ሜዳ እንሮጣለን። ደሴት ላይ ያሉት ሰዎችስ መሬቱ ሲናወጥ፣ ባሕሩም ተነሥቶ ሲመጣባቸው ወዴት ይሮጣሉ? ደግሞስ ቢተርፉ ምን ይጠጣሉ? ዙሪያው ጨው ውሃ አይደለም እንዴ?» አለች።

ጓደኛችን «ወደ ከፍታ ቦታ ይወጣሉ» ብሎ የመጀመሪያውን መለሰ። ለሁለተኛው አፉን ሲከፍት ደወሉ ተደወለ። ደወሉ አዳነው ማለት ይቻላል። ማታ በመኝታ ክፍላችን ተሰብስበን ስንነጋገርበት ግን የባሰው ጉድ ወጣ። ከኋላ ተቀምጠን ስናርም የነበርነው ሁላችንም መልሱን አናውቀውም! ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ከዚያ ምሽት በኋላ ስናነብና ስንጠያየቅ ያገኘነውን ለናንተም ለማካፈል ነው። የልጅቱ ጥያቄ ከመጽሐፉ ጥያቄ የበለጠ ትልቅ ሆኖ አግኝተነዋል።

1. ነገርን ከሥሩ

የምድር ቅርፊት አንድ ወጥ ድንጋይ አይደለም። እንደተሰነጠቀ ምጣድ በብዙ ታላላቅ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። እነዚህ ክፍሎች በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር እየተንቀሳቀሱ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ በድንበራቸው ላይ ተያይዘው ሲቆዩ ኃይል ይጠራቀማል፤ የተጠራቀመው ኃይል በድንገት ሲለቀቅ መሬት ይናወጣል። ይህ በባሕር ወለል ሥር ሆኖ ወለሉን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ካንቀሳቀሰው በላዩ ያለው ውሃ ሁሉ አብሮ ይነሣል። ሱናሚ የምንለው ይህ ነው። ሱናሚ ነፋስ እንደሚያስነሣው ተራ ማዕበል የላይ የላዩን ብቻ የሚንቀሳቀስ ሳይሆን ከወለል እስከ ገጽ ያለው ውሃ በሙሉ የሚጓዝበት ነው። በጥልቅ ውቅያኖስ ላይ በሰዓት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ያም ሆኖ መርከበኞች ልብ ላይሉት ይችላሉ። ወደ ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ሲደርስ ግን ፍጥነቱ ይቀንስና ቁመቱ ይጨምራል።

ለጥናታችን ዋና ምሳሌ ያደረግነው በታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2004) በሕንድ ውቅያኖስ የደረሰውን ነው። ከሱማትራ ደሴት በስተ ምዕራብ በባሕር ሥር የተነሣው መንቀጥቀጥ 9.1 መጠን ነበረው፤ የተሰነጠቀው የምድር ክፍል ርዝመትም ከ1,200 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ነው። ማዕበሉ ከ220,000 በላይ ሰዎችን ፈጀ። ከሰባት ሰዓት ያህል በኋላ ከጎረቤታችን ከሶማሊያ ጠረፍ ደርሶ በሃፉን አካባቢ ሕይወት አጥፍቷል። እንግዲህ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

ደሴቶችን በተመለከተ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ይሏል። መንቀጥቀጡ መሬቱን አናውጦ ወደ ቦታው አይመልሰውም። በዚያው በ1997ቱ መንቀጥቀጥ የሲሜሉዌ ደሴት ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ 1 ሜትር ተኩል ያህል ከባሕር ከፍ ሲል፣ በሕንድ ግዛት ሥር ያለው የታላቁ ኒኮባር ደሴት ደቡባዊ ጫፍ ግን ከ4 ሜትር በላይ ሰመጠ። በየብስ ላይ የቆመ የነበረው የመርከቦች መብራት ማማ እግሩ ባሕር ውስጥ ገባ። በአንድ ቀን፣ በአንድ መንቀጥቀጥ፣ አንዱ ደሴት ወጣ፤ ሌላው ወረደ።

2. ደሴት ከየብስ በምን ይለያል?

በየብስ ላይ ያለች ከተማ ድልድይ ቢፈርስባት መከራ ነው፤ ነገር ግን ሌላ ዙሪያ መንገድ ይኖራል። መኪና ባይገባ በቅሎ ይገባል፤ በቅሎም ባይገባ ሰው ተሸክሞ ይገባል። የመብራት መስመር ቢበጠስ ከሌላ አቅጣጫ ይቀጠላል። የጎረቤት ወረዳ እህል ይልካል።

በትንሽ ደሴት ላይ ግን ብዙ ጊዜ ሁሉም ነገር አንድ አንድ ነው። ወደቡ አንድ፣ የመብራት ማመንጫው አንድ፣ ከዓለም ጋር የሚያገናኘው ገመድ አንድ፣ አውሮፕላን ማረፊያውም ካለ አንድ ነው። እነዚህ ሁሉ ደግሞ ከባሕሩ ዳር ናቸው። ወደብ ከባሕር ሊርቅ አይችልም፤ ነዳጅ በመርከብ ስለሚመጣ ማመንጫው ከወደቡ አጠገብ ይሠራል፤ ሜዳ የሚገኘውም በጠረፉ ስለሆነ የአውሮፕላኑ ማረፊያ እዚያው ይሆናል። ስለዚህ አንድ ማዕበል በአንድ ጊዜ ሁሉንም ይመታል።

በዚህ ላይ አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም። ውሃ የሚስበው ሞተር መብራት ይፈልጋል፤ መብራቱ ነዳጅ ይፈልጋል፤ ነዳጁ መርከብ ይፈልጋል፤ መርከቡ ማራገፊያ ይፈልጋል፤ መርከብ ላኩልን ለማለት ደግሞ ስልክ ያስፈልጋል። ሰንሰለት ነው። አንዷ ቀለበት ከተፈታች የቀሩት ጤነኛ ቢሆኑም ይቆማሉ። አባቶቻችን «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው። እስቲ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

3. ወደብና መንገድ

ከላይ እንዳልነው መሬቱ ራሱ ስለሚነሣና ስለሚወርድ ወደብ በሁለት መንገድ ይጎዳል። ምድሩ ሲሰምጥ ማራገፊያው ከውሃ በታች ይውላል። ሲነሣ ደግሞ ማራገፊያው ሳይፈርስ ውሃው ከሥሩ ይሸሻል፤ ጀልባ የማይገባበት ደረቅ ወደብ ይሆናል። ሁለተኛው በኒያስ ደሴት አካባቢ ታይቷል። በመጋቢት 19 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ማለትም ታላቁ ሱናሚ ካለፈ ከሦስት ወር በኋላ፣ 8.6 መጠን ያለው ሌላ መንቀጥቀጥ ኒያስን መታ። የደሴቲቱ ምዕራባዊ ጠረፍ ወደ 3 ሜትር ለሚጠጋ ከፍታ ከባሕር ወጣ። በውሃ ሥር የኖረው የኮራል ዓለት ነጭ ሆኖ ፀሐይ ላይ ቀረ። ወደቡ፣ ድልድዮቹና መንገዱ አብረው ስለተጎዱ ዕርዳታ ደሴቲቱ ላይ ከደረሰም በኋላ ከመንደር ወደ መንደር ማድረሱ ሌላ ፈተና ሆነ።

ትልቅ ደሴት ቢሆንስ? የሱማትራ ስፋት ከብዙ አገሮች ይበልጣል። ነገር ግን ከባንዳ አቼ ወደ መላቦ በጠረፉ የሚወስደው መንገድ በ1997ቱ ሱናሚ በብዙ ቦታ ተጠርጎ ስለሄደ፣ የጠረፍ ከተሞቹ በየብስ ላይ እያሉ ደሴት ሆኑ። መንገዱን እንደገና ለመሥራት ዓመታት ፈጅቷል። በሃዋይ ደሴት ደግሞ በመጋቢት 1938 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1946) የደረሰው ሱናሚ የሂሎን የባቡር ሐዲድ ድልድይ ሰባብሮ ሄደ፤ ያ የባቡር መስመር ከዚያ በኋላ ተመልሶ ሥራ አልጀመረም። አንዳንዱ ጉዳት እንዲህ ነው፤ ጥገና የለውም፤ የአኗኗር ለውጥ ያስከትላል።

4. ውሃ፦ የልጅቱ ጥያቄ

አሁን ጓደኛችን ወዳልመለሰው ጥያቄ ደረስን። ዙሪያው ጨው ሆኖ ሳለ የደሴት ሰው ከየት ይጠጣል? እንደ ማልዲቭስ ባሉ ከኮራል በተሠሩ ዝቅተኛ ደሴቶች ወንዝ የለም። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በአሸዋው ውስጥ ይሰርግና ከሥሩ ባለው የጨው ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ይህ የሚሆነው ጨው የሌለበት ውሃ ከጨው ውሃ ስለሚቀል ነው፤ ዘይት በወጥ ላይ እንደሚሰፍረው ማለት ነው። ሰዎች ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ እየቆፈሩ ይህን ስስ የውሃ ሽፋን ይቀዳሉ። ለመጠጥ ደግሞ የጣሪያ ውሃ በጋን ያጠራቅማሉ።

ሱናሚ ሲመጣ የሚያደርገውን ማሰብ አያዳግትም። ጨው ውሃው ከላይ ሆኖ በደሴቲቱ ላይ ያልፋል፤ ወደ ጉድጓዱ ይገባል፤ በአሸዋው ይሰርጋል። ስሱ ሽፋን ከላይም ከታችም ጨው ይሆናል። የመጸዳጃ ጉድጓዶች ስለሚሞሉም ቆሻሻው ከጉድጓድ ውሃ ጋር ይቀላቀላል። የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያዎቹም ከነውሃቸው ይወሰዳሉ። ይህን ሽፋን ሊያጥብ የሚችለው ዝናብ ብቻ ነው፤ እሱም ጊዜውን ጠብቆ፣ ቀስ ብሎ።

ማልዲቭስ ወደ 1,200 የሚጠጉ ደሴቶች ያሏት አገር ስትሆን ሰው የሚኖርባቸው 200 ያህሉ ናቸው፤ የአብዛኞቹም ከፍታ ከባሕር ጠለል 2 ሜትር አይሞላም። ታኅሣሥ 17 ቀን ማዕበሉ የደረሰው መንቀጥቀጡ ከሆነ ከሦስት ሰዓት በላይ ቆይቶ ነበር። በዚያን ጊዜ በሕንድ ውቅያኖስ የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ድርጅት ስላልነበረ እነዚያ ሦስት ሰዓታት ያለ ጥቅም አለፉ። የሞቱትና የደረሱበት ያልታወቀው ሰዎች በድምሩ ከ100 ጥቂት በለጡ። ከሌሎች አገሮች ጋር ሲወዳደር ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የንብረትና የአገልግሎት ጥፋቱ 470 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተገምቷል፤ ይህም ከአገሪቱ ዓመታዊ ጠቅላላ ምርት 62 በመቶ ነው። ከአሥር በላይ ደሴቶች ሙሉ በሙሉ ሰው ለቀቃቸው። ካንዶልሁዱ የተባለችው የተጨናነቀች ደሴት ነዋሪዎች እስከ ዛሬ አልተመለሱም፤ ለዓመታት በየቦታው ተጠግተው ከቆዩ በኋላ ዱቫፋሩ በተባለች ባዶ ደሴት ላይ አዲስ መንደር ተሠርቶላቸው ገቡ። ቤት ብቻ መሥራት አይበቃም ነበር፤ መብራቱም፣ ውሃውም፣ ትምህርት ቤቱም ከባዶ መጀመር ነበረበት።

ታዲያ የባሕሩን ውሃ ጨው እያጣሩ ቢጠጡስ? ይህም ይደረጋል፤ የዋና ከተማዋ የማሌ ነዋሪዎች የሚጠጡት እንዲህ ያለውን ውሃ ነው። ዳሩ ግን ማጣሪያው መብራት ይፈልጋል፤ እሱም ያው አንድ ዓይን ነው። በኅዳር 2007 ዓ.ም. መንቀጥቀጥም ሱናሚም ሳይኖር፣ በማጣሪያው ላይ በተነሣ እሳት ብቻ ከ100,000 በላይ ሕዝብ የሚጠጣው አጥቶ ውሃ ከውጭ አገር በአውሮፕላንና በመርከብ መጣለት። ለአንድ እሳት ይህን ያህል ከሆነ ለመንቀጥቀጥማ ምኑ ቅጡ!

5. መብራት

በባንዳ አቼ ወደብ ላይ ለከተማዋ መብራት የሚያመነጭ 2,600 ቶን የሚመዝን የብረት መርከብ ቆሞ ነበር። ሱናሚው ያንን ግዙፍ ነገር እንደ ቡሽ አንሥቶ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ከተማው ውስጥ ወስዶ በሰፈር መካከል አስቀመጠው። ዛሬም እዚያው ነው፤ መታሰቢያ ሆኖ ሰው ይጎበኘዋል።

የመብራት መጥፋት ከጨለማ የበለጠ መዘዝ አለው። በግንቦት 1952 ዓ.ም. በቺሊ የተነሣው 9.5 መጠን ያለው መንቀጥቀጥ፣ እስካሁን በመሣሪያ ከተመዘገቡት ሁሉ ታላቁ ነው፤ ያስነሣው ማዕበልም ፓሲፊክን አቋርጦ ከ15 ሰዓት ያህል በኋላ ሌሊት ሂሎ ደረሰ። የኤሌክትሪክ ማመንጫው በጠረፉ ስለነበረ ተመታና ከተማው ጨለማ ዋጠው። ሰው መሸሽ በሚገባው ሰዓት መንገዱን ማየት ተሳነው። ሐኪም ቤት ለክትባት ማቀዝቀዣ፣ የውሃ ሞተር፣ የሬድዮ ጣቢያ፣ ሁሉም ከዚያችው ማመንጫ የሚጠባ ከሆነ ጥፋቱ የአንድ ሕንፃ ብቻ አይሆንም።

6. ገመዱና ወሬው

በባሕር ወለል ላይ የተዘረጉ ገመዶች ለምን ይበጠሳሉ? መንቀጥቀጡ ራሱ ስለጎተታቸው ብቻ አይደለም። በባሕር ሥር ባለው ቁልቁለት ላይ የተከማቸ ጭቃና አሸዋ ተንዶ እንደ ጎርፍ ስለሚወርድባቸው ጭምር ነው። ይህ የታወቀው ኒውፋውንድላንድ በተባለችው፣ ዛሬ በካናዳ ውስጥ ባለችው ደሴት አጠገብ በኅዳር 9 ቀን 1922 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1929) ከደረሰው መንቀጥቀጥ ነው። አሥራ ሁለት የቴሌግራፍ ገመዶች ተበጠሱ፤ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ አልተበጠሱም። ከቁልቁለቱ ራቅ ያሉት በየተራ፣ አንዱ ከሌላው እየዘገየ ሄደ። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ሂዘንና ዩዊንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን የሰዓት ልዩነት መርምረው የባሕር ሥር የጭቃ ጎርፍ መሆኑን አስረዱ።

በዚያው ዕለት ሱናሚው የደሴቲቱን የቡሪን ጠረፍ መትቶ 28 ሰዎች ሞቱ። ወደ ዋናው ከተማ የሚሄደው የቴሌግራፍ መስመር ደግሞ ከጥቂት ቀን በፊት በነበረው ዐውሎ ነፋስ ተበላሽቶ ነበር። የመጠባበቂያ መስመር አልነበረም። ስለዚህ በብርድ ወቅት ቤታቸውና ስንቃቸው የተወሰደባቸው ሰዎች «ድረሱልን» የሚሉበት አጡ። በሦስተኛው ቀን ሬድዮ ያለው መርከብ እንደ ወትሮው በፕሮግራሙ ብቅ ባይል ኖሮ ምን ይሆኑ ነበር?

ከ90 ዓመት በኋላስ ተለውጧል? በጥር 7 ቀን 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2022) በቶንጋ በባሕር ሥር ያለ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ሱናሚ አስነሣ። መነሻው መንቀጥቀጥ ባይሆንም በመሠረታዊ አገልግሎቶች ላይ ያደረሰው ግን ያው ነው። ቶንጋን ከፊጂ ጋር የሚያገናኘው 827 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ገመድ ተበጠሰ። ከ100,000 በላይ ሕዝብ ያላት አገር ከዓለም ጋር ያላት ግንኙነት በድንገት ተቆረጠ። በውጭ ያሉ ዘመዶቿ እናት አባታቸው ይኑሩ ይሙቱ ሳያውቁ ቀናት አለፉ። ገመዱን ጠጋኝ መርከብ መጥቶ ጠግኖ የጨረሰው ከአምስት ሳምንት በኋላ የካቲት 15 ቀን ነው። ደሴቶቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው የአገር ውስጥ ገመድ ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ ወሰደ። አመዱ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያዎችን አበላሸ፤ የአውሮፕላን ማረፊያውንም ሸፈነ። አመዱ በሰው ጉልበት ተጠርጎ እስኪያልቅ ድረስ ዕርዳታ የጫኑት አውሮፕላኖች ማረፍ አልቻሉም። እዚህ ላይ ልብ እንበል። ዘመናዊው ገመድ ሲበጠስ የሰው እጅና መጥረጊያ ግን ሥራ ላይ ነበሩ።

7. የማይበጠሰው ገመድ

እስካሁን የቆጠርነው የሚፈርሰውን ነው። እንግዲህ ደግሞ የማይፈርሰውን እንይ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የኛ የመምህራን የሚሆነው።

በመጋቢት 1938ቱ ሱናሚ በሃዋይ ደሴት ላውፓሆሆ በተባለ ቦታ ትምህርት ቤቱ ከባሕሩ ዳር በዝቅተኛ መሬት ላይ ነበር። ጠዋት ተማሪዎች ሲደርሱ ባሕሩ ወደ ኋላ ሸሽቶ ወለሉ ተራቁቶ አዩ። ነገሩ አስገረማቸውና ሊያዩ ወረዱ። ከዚያም ማዕበሉ መጣ። በዚያ ሥፍራ 24 ሰዎች ሞቱ፤ ተማሪዎችም መምህራንም ነበሩባቸው። የባሕር መሸሽ የባሕር መመለስ ምልክት መሆኑን የነገራቸው አልነበረም። ትምህርት ቤቱ በኋላ ወደ ከፍታው ተዛወረ።

ከዚያ ጥፋት በኋላ በሃዋይ የማስጠንቀቂያ ማዕከል ተቋቋመ። በ1952ቱ ሱናሚ ጊዜ በሂሎ የማስጠንቀቂያው ድምፅ ማዕበሉ ከመድረሱ ከአራት ሰዓት በላይ አስቀድሞ ተሰምቷል። ሆኖም 61 ሰዎች ሞቱ። ብዙዎች ድምፁን ቢሰሙም ምን አድርጉ ማለት እንደሆነ አልተረዱትም፤ የተረዱትም ለማየት ወደ ጠረፉ የወረዱ ነበሩባቸው። መሣሪያው ነበረ፤ ትምህርቱ ግን አልዘለቀም።

ከዚህ ጋር ሲሜሉዌን እናስተያይ። ይህች ደሴት ለ1997ቱ መንቀጥቀጥ ከሁሉም ይልቅ ቅርብ ነበረች። ማዕበሉ የደረሰው ከአሥር ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ነው። የማስጠንቀቂያ ድምፅ የለም፤ ስልክ የለም፤ የጠረፍ መንደሮች ተጠርገው ሄዱ። የሞቱት ሰዎች ግን ከ78,000 ያህል ነዋሪ ውስጥ ሰባት ብቻ ናቸው! ምክንያቱ አንድ ቃል ነው፤ «ስሞንግ»። በ1899 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1907) ደሴቲቱን ሱናሚ ፈጅቷት ነበር። የተረፉት ያዩትን ለልጆቻቸው ተረኩ፤ በሕፃናት ማባበያና በዘፈን አስገቡት። መሬት በኃይል ከተናወጠ፣ ባሕሩም ከሸሸ፣ «ስሞንግ» ብለህ ጮኸህ ወደ ኮረብታ ሩጥ፣ ዕቃ አትልቀም። ይኸው ነው ትምህርቱ። ዘጠና ሰባት ዓመት ሙሉ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ ኖሮ በአንድ ጠዋት ደሴት ሙሉ ሕዝብ አዳነ።

ይህን ስንል መሣሪያ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ከ1997ቱ ጥፋት በኋላ በዩኔስኮ ሥር ባለው ኮሚሽን አስተባባሪነት ለሕንድ ውቅያኖስ የማስጠንቀቂያ ድርጅት መቋቋሙ ተገቢ ነው። ስሞንግም የሰውን ሕይወት እንጂ ወደቡንና ጉድጓዱን አላዳነም። የምንለው፣ ከመሠረታዊ አገልግሎቶች ሁሉ ማዕበል የማይወስደው በሰው ልብ ውስጥ የተተከለው ነው፤ እሱም ካልተደጋገመ ይረሳል።

8. ለኛስ ምን ይመለከተናል?

«እኛ ባሕር የለንም፣ ሱናሚ አይነካንም» የሚል አይጠፋም። እርግጥ ነው። መንቀጥቀጥ ግን አለን። ታላቁ ስምጥ ሸለቆ አገራችንን ከፍሎ የሚያልፍ የምድር ቅርፊት መለያያ ነው። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሷል፤ በ1961 ዓ.ም. ሰርዶ ከተማ ፈርሳለች፤ በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት ደጋግሞ ሲናወጥ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል። በቀይ ባሕር ጠረፍም በከፊል በደሴቶች ላይ የተሠራችው ምጽዋ በነሐሴ 1913 ዓ.ም. በመንቀጥቀጥ ክፉኛ ተጎድታለች።

ደግሞስ በየብስ ላይ ያለ ደሴት የለም ወይ? አንድ ምንጭ፣ አንድ ድልድይ፣ አንድ የመብራት ምሰሶ ያለው መንደር ስንቱ ነው! ከመካከላችን ብዙዎቻችን ተመርቀን የምንመደበው እንዲህ ወዳለው ቦታ ነው። ያን ጊዜ «ይህ አንዱ ቢቋረጥ ሁለተኛው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅና ልጆችን ማስጠየቅ የኛ ፈንታ ይሆናል።

9. በክፍል ውስጥ እንዴት እናስተምረው?

ገንዘብ የማይጠይቁ ሁለት መሣሪያዎች ሞክረን ሠርተውልናል።

ሀ. የውሃው ሽፋን። በብርጭቆ ግማሽ ውሃ ላይ ሦስት ማንኪያ ጨው በደንብ አሟሙ። በሌላ ዕቃ ንጹሕ ውሃ በቀለም ወይም በሻይ አቅልሙ። ማንኪያ ገልብጣችሁ በጨው ውሃው ላይ አስጠግታችሁ ባለቀለሙን በጣም ቀስ እያላችሁ በማንኪያው ጀርባ አንቆርቁሩ። ከላይ ተንሳፎ ይቀራል። የደሴት ሰው የሚጠጣው ይህን ነው። ቀጥላችሁ አንድ ማንኪያ የጨው ውሃ ከላይ በኃይል ጨምሩና አማስሉ። ይደባለቃል። ከዚያ «አሁን መልሳችሁ ለዩት» በሏቸው። መልሱን ራሳቸው ያገኙታል።

ለ. የክሩ ካርታ። አምስት ተማሪዎች ወደብ፣ ነዳጅ፣ መብራት፣ ውሃና ስልክ ሆነው ይቁሙ። የሚፈላለጉት በክር ይያያዙ። መምህሩ አንዱን «ተመታ» ሲል እሱ ይቀመጣል፤ ክሩ የሳበው ሁሉ አብሮ ይቀመጣል። ከዚያ ለያንዳንዱ ሁለተኛ ክር ጨምራችሁ ጨዋታውን ድገሙት። ልዩነቱን ለማስረዳት ብዙ ንግግር አያስፈልግም።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. ሂሎ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ነበራት፤ ሲሜሉዌ አልነበራትም። የሞቱት ሰዎች ቁጥር ግን ተቃራኒ ሆነ። ለምን?
2. መንቀጥቀጥ ሳያፈርሰው አንድን ወደብ ከሥራ ውጪ ሊያደርገው የሚችለው እንዴት ነው?
3. የተወለዳችሁበትን አካባቢ አስቡ። አንድ ብቻ የሆነው አገልግሎት የትኛው ነው? ቢቋረጥ ስንት ቀን መቆየት ይቻላል?
4. በአካባቢያችሁ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ሽማግሌዎች የሚተርኩት ነገር አለ? መዝግባችሁ አምጡ፤ በዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፈዋለን።

ጓደኛችን በሳምንቱ ወደዚያው ክፍል ብርጭቆውንና ጨውን ይዞ ተመልሶ ነበር። ሥራውን ያሠራው ያችኑ ጠያቂዋን ልጅ ነው። ውሃው ሲደባለቅ ዝም ብላ ካየች በኋላ «እንግዲያው ውሃውን ቀድሞ ከፍ ባለ ቦታ ማስቀመጥ ነዋ!» አለች። እኛም ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ማስታወሻችን ላይ ጻፍነው።